አተር መሳዮቹ ጋላክሲዎችና ያገኟቸው ጥቂቶች

ከዓለም ሕዝብ ሢሶው የሚበልጠው በአንድ በፌስቡክ ጥላ ሥር በተሰበሰበበትና ሰው የሚያነበውን ሁሉ የስሌት ሥርዓት በሚመርጥለት በዚህ ዘመን፥ በኢንተርኔት ማዕዘናት ተበትነው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ብቻ የሚነጋገሩ ጥቂት ሰዎች ምን ይረባሉ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልሱን ከሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዘንድ ሊያገኘው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ኬቪን ሻዊንስኪና ክሪስ ሊንቶት ከባልንጀሮቻቸው ጋራ «ጋላክሲ ዙ» የተባለውን ሥራ የጀመሩት ቸግሯቸው ነው። በኒው ሜክሲኮ ተራራ ላይ የተተከለው፥ የመስተዋቱ ወርድ 2.5 ሜትር የሆነው የስሎን ቴሌስኮፕ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችን ሥዕል ሰብስቦ ነበርና፥ ይህ ሞላላ ነው፥ ያ ጠምዛዛ ነው እያለ ለመለየት የዚያን ጊዜው ኮምፒዩተር አልታመነም፤ ሻዊንስኪም 50,000 ያህሉን ብቻቸውን ከለዩ በኋላ ሥራው የአንድ ሰው ሸክም አለመሆኑን ተረዱ። ሥዕሎቹ ለሕዝብ በተከፈቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150,000 የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍርድ ሰጡ።

እስከዚህ ድረስ ድሉ የብዛት ነው፤ ትልልቆቹ መድረኮችም የቆሙት በዚሁ በብዛት ሕግ ላይ ነው። መቶ ሰዎች ባሉበት ሥፍራ ሁለት ሁለት ሆነው ሊነጋገሩ የሚችሉት ጥንዶች 4,950 ሲሆኑ፥ ሰዎቹ ሺህ በሆኑ ጊዜ ጥንዶቹ 499,500 ይደርሳሉና፥ አዲስ መጪ ሁሉ ብዙ ሕዝብ ወዳለበት ቢጐርፍ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥንዶቹ ሲበዙ የአንዱ ሰው ጊዜና ልቡና እዚያው ባሉበት ስለሚቀሩ፥ ማን ምን እንደሚያይ የሚመርጥ ስሌት የግድ ያስፈልጋል፤ ስሌቱም የሚያነሣው ብዙኃኑ የነኩትን ስለ ሆነ፥ ዐሥራ ሁለት ሰዎችን ብቻ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ገና ሳይመሽ ከሥር ይቀበራል። ዐሥራ ሁለት ሰው ደግሞ፥ የጽዋ ማኅበርተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ነገር ለመያዝ ከበቂ በላይ ነው።

በጋላክሲ ዙ ገጽ ላይ የነበሩት አዝራሮች ለሞላላው፥ ለጠምዛዛው፥ ለተጋጩትና «ኮከብ ነው ወይም አላውቅም» ለሚባለው የተመደቡ እንጂ፥ «ይህስ እንግዳ ነው» ለማለት የሚያገለግል አዝራር አልነበረም። ሃምሳ ሚሊዮኑ ፍርድ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። ያልተጠየቀው የተነገረው፥ የተሳታፊው ደብዳቤ ሲበዛባቸው አዘጋጆቹ በከፈቱት፥ ከሕዝቡ ጥቂቱ ብቻ በሚያዘወትረው የመወያያ ሥፍራ ነው። በነሐሴ 2007 ሃኒ ፋን አርከል የተባሉ ሆላንዳዊት መምህርት አይሲ 2497 ከሚባለው ጋላክሲ አጠገብ የታያቸው ሰማያዊ ነገር ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። ነገሩ 650 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ታላቅ የጋዝ ደመና ሆኖ ተገኘ፤ ያበራውም በጎረቤቱ ጋላክሲ እምብርት ይነድ የነበረ፥ ኩዌዛር የተባለ እጅግ ብሩህ አካል ሲሆን፥ ኩዌዛሩ ራሱ ከደከመ በኋላ ቀድሞ የላከው ብርሃን ገና በመንገድ ላይ ስለ ነበር ደመናው እንደ በራ ቀርቷል።

ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው የአተሮቹ ታሪክ ነው። በዚያው ወር ከመወያያው ሥፍራ ታዳሚዎች አንዳንዶቹ ትንንሽ፥ ክብና አረንጓዴ ነጥቦችን እያመለከቱ «አተር» ሲሉ ቀለዱ፤ በአገራችን በሚገባ የሚታወቀውን የሰላም ጓድን ስም አስመስለውም ራሳቸውን «የአተር ጓድ» አሉ። ቀልዱ ለወራት ሳይቋረጥ ቆይቶ ወደ ምርመራ ተለወጠ፦ የስሎንን የመረጃ ቋት በራሱ የጥያቄ ቋንቋ መጠየቅን ተማሩ፥ ከዋክብቱንና ኩዌዛሮቹን አጣርተው አወጡ፥ የቀሩትንም ኅብረ ብርሃን እያንዳንዱን መረመሩ። አረንጓዴ ያደረጋቸው ሁለት ኤሌክትሮን የተገፈፈ ኦክሲጅን የሚያወጣው ብርቱ ጨረር ነው፤ ይህም በ500.7 ናኖሜትር ተነሥቶ ዓለማት በመስፋታቸው ምክንያት ሞገዱ እየረዘመ ሲመጣ፥ ስሎን በሥዕሉ ላይ አረንጓዴ አድርጎ በሚቀባው ማጣሪያ ውስጥ ይወድቃል። በ2009 ካሮሊን ካርዳሞኔና የሥራ ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ከአንድ ሚሊዮኑ ሥዕል 251 እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች ተለይተው ታወቁ፤ ግዝፈታቸው ከእኛው ፍኖተ ሐሊብ አንድ መቶኛ ያህል ሆኖ ሳለ ከዋክብትን የሚወልዱት ከእርሱ በዐሥር እጥፍ ፈጥነው ነው።

የጥቂቶች ጉባኤ ግን ልማዱን የሚያስተላልፍበት ፋታ ካላገኘ ይፈርሳል። በ1979 ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሰቡት ዩዝኔት የተባለው የመወያያ መረብ በየዓመቱ በመስከረም አዲስ ተማሪዎች ይገቡበት ነበርና፥ ነባሮቹ በጥቂት ሳምንት ሥርዓት ያስይዟቸው ነበር፤ ከ1993 ጀምሮ ግን የንግድ ኩባንያዎች ደንበኞች በየቀኑ ሲጐርፉበት መካሪው ከተመካሪው አነሰ፥ ነባሮቹም ዘመኑን «የማያልቀው መስከረም» አሉት። እንግዳን መከልከልም መድኃኒት አይደለም፤ ሃኒ ፋን አርከል ራሳቸው እንግዳ ነበሩ።

የአተር ጓድ ሥራ ግን ከጊዜው አልፎ ተፈላጊ ሆነ። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ2022 ባወጣው የመጀመሪያ ጥልቅ ሥዕል ውስጥ ከጥንተ ዓለም የታዩ ሦስት ጋላክሲዎች ነበሩ፤ በናሳ የሚሠሩት ጄምስ ሮድስና ባልደረቦቻቸው ኅብረ ብርሃናቸውን በመረመሩ ጊዜ አመሳክረው ተመሳሳይ ሆኖ ያገኙት ከእነዚያ በቀልድ ከተሰየሙት አተሮች ጋራ ነው።