ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ መርፌው

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ጉልበት ሕመም ነው። ስትነሡ ቀጭ የሚል፣ ዳገት ላይ የሚያስቆም፣ ከበርጩማ ስትነሡ «እሰይ ወገቤ፣ እሰይ ጉልበቴ» የሚያሰኝ ሕመም አለ። ትናንት የጀመረውን አይደለም፤ ዓመት ሁለት ዓመት የቆየውን ማለቴ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው አንድ ቀን «መርፌውን ልወጋው ወይስ ይቅርብኝ?» ማለቱ አይቀርም። እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ተወጉም፣ አትወጉም አልላችሁም። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ላስረዳችሁ እችላለሁ።

መጀመሪያ ጉልበትን እንወቀው። ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱ አጥንቶች ባዶአቸውን አይፋተጉም። ጫፋቸው ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ነገር ተሸፍኗል። በግ ሲታረድ መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት የሚያዳልጥ ነገር አይታችኋል አይደል? እሱ ነው። ዙሪያውን ደግሞ እንደ ከረጢት የሚይዘው ስስ ሽፋን አለ። በከረጢቱ ውስጥ እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ አለ። በዕድሜ ብዛት፣ በሸክም ወይም በድሮ ጉዳት ልም አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ከረጢቱም አንዳንድ ጊዜ ይቆጣል፤ ያብጣል፤ ይሞቃል። እንግዲህ መሳሳትና መቆጣት ሁለት ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

መርፌው ስቴሮይድ ይባላል። ብዙ ሰው ኮርቲዞን ይለዋል። ከኩላሊታችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እነሱ በየቀኑ ከሚሠሩት ነገር ጋር የሚመሳሰል መድኃኒት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በአሜሪካ አገር ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም መገጣጠሚያዎቿ ሁሉ ተቆጥተው መንቀሳቀስ ያቃታትን የ29 ዓመት ሴት በዚህ መድኃኒት አከማት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። በ1950 ሄንችና ሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዓለም ተአምር ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በብዛት የወሰዱ ሰዎች ፊታቸው ሲያብጥ፣ አጥንታቸው ሲሳሳ፣ ስኳራቸው ሲጨምር ታየ። ለዚህም ነው ሐኪሞች በመላ ሰውነት ከማሠራጨት ይልቅ በሚያመው መገጣጠሚያ ውስጥ ብቻ ጥቂት መጠን መስጠትን የመረጡት።

ታዲያ ምን ይሠራል? ቁጣውን ያበርዳል። ጉልበቱ አብጦ፣ ሞቆ፣ እንቅልፍ የነሣ እንደሆነ በቀናት ውስጥ ሊያስታግሰው ይችላል። እፎይታው ብዙውን ጊዜ የሳምንታት ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ወር ሁለት ወር ይቆያል፤ አንዳንዱን ጭራሽ አይረዳውም። የሳሳውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። ይህን ማንም ሰው «ይመልሳል» ብሎ ቢነግራችሁ አትመኑት።

እንዲያውም በተደጋጋሚ ሲሰጥ መሳሳቱን ሊያፋጥን እንደሚችል የሚያሳይ ነገር አለ። በ2017 በአሜሪካ የጉልበት ሕመም ያለባቸው 140 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ግማሾቹ በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት ስቴሮይድ ተወጉ። ግማሾቹ ደግሞ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ግን አያውቁም ነበር። በመጨረሻው ሲለካ ስቴሮይድ የተወጉት ልም አጥንት በአማካይ 0.21 ሚሊ ሜትር ሳሳ፤ የጨው ውሃ የተወጉት 0.10 ብቻ። ሕመማቸውስ? ከ2 ዓመት በኋላ በሕመማቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። አንድ ጊዜ መወጋትና በየ3 ወሩ መወጋት አንድ አይደሉም ማለት ነው። ብዙ ሐኪሞችም ለአንድ ጉልበት በዓመት ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጡም።

በሠፈራችን አንዲት ጠላ ነጋዴ እናት አሉ። ጤና ጣቢያ ሄደው «ሲስተር፣ ያቺን መርፌ ውጊኝ፤ በእግዜር» ይላሉ። «የትኛዋን እማማ?» ትላቸዋለች። «ያቺን የምታሽረውን» ይላሉ። ስሙን አያውቁም። ስንት ጊዜ እንደተወጉም አያውቁም። አንዳንዴ በዳሌ ነው የተሰጣቸው፤ አንድ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ጉልበታቸው ላይ ነው። ለሳቸው ሁሉም መርፌ ነው። ሆኖም ሁሉም አንድ አይደለም። በዳሌ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ዳይክሎፌናክ ነው፤ እሱ የሕመም ማስታገሻ እንጂ ስቴሮይድ አይደለም። አንዳንዴ ዴክሳሜታዞን ይሆናል፤ እሱ ስቴሮይድ ነው፤ በዳሌ ሲሰጥ ደግሞ በመላ ሰውነት ይሠራጫል። በጉልበት ውስጥ የሚሰጠውን የሚወጋው በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሐኪም ነው። ስለዚህ «ይህ መርፌ ስሙ ማን ነው? የሚገባውስ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መብትም ነው።

የዴክሳሜታዞን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ ለወራት የሚውጡ ሰዎች አሉ። ምግብ ያስበላል፣ ፊት ይሞላል፣ ሰው «ተስማማው» ይላል። አልተስማማውም። ዕጢው ሥራ እየፈታ ነው። እንዲህ የለመደ ሰው ደግሞ ክኒኑን በድንገት ቢያቆም ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ስኳር ያለበት ሰው ከጉልበት መርፌ በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ሊጨምር ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ጉልበቱ በቲቢ ወይም በሌላ ተሕዋስ የተነሣ ያበጠ ከሆነ ስቴሮይድ ያባብሰዋል። አንድ ጉልበት ብቻ ለወራት አብጦ፣ ክብደት እየቀነሰ፣ ሌሊት ሌሊት የሚያልባችሁ ከሆነ መርፌ ከመጠየቃችሁ በፊት ምርመራ ጠይቁ። እንዲሁም ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጅ ጣቶች ለአንድ ሰዓት ያህል አልታጠፍ የሚሉ ከሆነ በሽታው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ቢጀመር ይሻላል።

አሁን ሰው ወደማይወደው ሕክምና ልምጣ። እንቅስቃሴ ነው። «እያመመኝ እንዴት ልንቀሳቀስ?» ትሉ ይሆናል። በ2020 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 156 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ የጉልበት መርፌ ተወጉ፤ ግማሾቹ ፊዚዮቴራፒ ማለት በባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ ሠሩ። በዓመቱ ሁለቱም ተሽሏቸው ነበር፤ ይበልጥ የተሻላቸው ግን እንቅስቃሴ የሠሩት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበትን ሸክም ይጋራል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል። ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። እስከ 5 ቁጠሩ፤ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 10 ጊዜ ድገሙ፤ ከዚያ ሌላውን እግር። በቀን 2 ጊዜ ይሁን። ስትለምዱት ደግሞ እጃችሁን ሳትደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ጨምሩበት። ትንሽ ቢያም አትፍሩ፤ ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከቆየ ግን ቁጥሩን ቀንሱ። በሳምንት ለውጥ አትጠብቁ፤ 6 ወይም 8 ሳምንት ይፈልጋል። መርፌ የተወጋ ሰውም ቢሆን ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ይህን ቢጀምር መርፌው ጠቀመው ማለት ነው። ጋብ ሲልለት እንስራ ተሸክሞ ዳገት ከወጣ ግን ምን ዋጋ አለው?

ከዘራ የምትይዙ፣ በማያመው እግር በኩል ያዙ። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዛል፤ ስሕተት ነው። ቀኝ ጉልበት ካመማችሁ ከዘራው በግራ እጅ ነው። ውፍረት ላለበት ሰው ደግሞ 1 ኪሎ ቢቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ሸክም ይወርዳል። ቀጭን ለሆነ ገበሬ ይህ ምክር አይሠራም፤ የሱ ነገር የጀርባ ሸክሙን መቀነስ ነው።

ፍል ውሃና ሙቅ ጨርቅ ያዝናናል፤ አይከለከልም። ያበጠና የሞቀ ጉልበት ግን ወጌሻ አሽቶ አይጎትተው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሕመም ክኒኖች ናቸው፤ ይረዳሉ። ሆኖም ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትና ደም ብዛት ላለበትም አደገኛ ናቸው። ሁለቱን ባንድ ላይ መውሰድ አይገባም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቆም ማድረግና ወዲያው መታየት ነው። በጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ቅባት ለጨጓራ ይሻላል። ጉልበቱ ፈጽሞ ላለቀ ሰው በቀዶ ጥገና የሚለወጥበት ሕክምና አለ። ቢያንስ 3 ወር ሳይሞላ አስቀድሞ መርፌ የተወጋ ሰው ግን ተሕዋስ እንዳይገባበት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

በጉልበታችሁ ውስጥ ከተወጋችሁ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሕመሙ ቢጨምር ያጋጥማል። ጉልበቱ እየቀላ፣ እያበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ተሕዋስ ገብቶ ይሆናል። ያንኑ ቀን ሂዱ፤ ገበያ ነው፣ በዓል ነው አትበሉ።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ፊደል ቆጥራችኋልና በደብተራችሁ አንድ ገጽ ለጉልበታችሁ ለዩ። የተወጋችሁበትን ቀን ጻፉ። የመድኃኒቱን ስም ሲስተሯ ትጻፍላችሁ። ስንት ሳምንት እንደረዳችሁ ራሳችሁ ጻፉ። ሌላ ጊዜ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ያንብበው።