አስቤዛና ቀመር

የወሩ ደመወዝ በእጅ በገባ ማግስት በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ይህ ገንዘብ ቤተሰቡን ምን ያህል ቀን ያቆየዋል? እናቶቻችን ጤፉን፣ ሽሮውን፣ ዘይቱን በልባቸው ደምረውና ቀንሰው ወደ ገበያ ይወጣሉ። ይኸው ጥያቄ ሊቃውንትን ያስጨነቀ የሂሳብ ችግር እንደነበር ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ጎልማሳ የሚያስፈልገውን ካሎሪና ሌሎች 8 ንጥረ ምግቦች በአነስተኛ ወጪ እንዴት ሊያገኝ እንደሚችል ጠየቀ። ከ77 የምግብ ዓይነቶች ተነስቶ በእጅ ስሌት የደረሰበት ወጪ በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር ነበር። ማዕዱ ግን የስንዴ ዱቄት፣ የታሸገ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ደረቅ ባቄላ ብቻ ሆነ! በ1947 ጆርጅ ዳንዚግ ባፈለቀው የሲምፕሌክስ ስልት 9 ሠራተኞች በእጅ ማስሊያ መኪና ሲያሰሉት 39.69 ዶላር አገኙ። የስቲግለር ግምት የተዛነፈው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር።

ዳንዚግ ቆይቶ ክብደት ለመቀነስ ፈልጎ የራሱን ምግብ በኮምፒዩተር ቢያሰላ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ጋሎን ኮምጣጤ በየቀኑ እንዲጠጣ ታዘዘ። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ ሰው ኮምጣጤ የሚጠጣበት ልክ እንዳለው የነገረው አልነበረም። በሂሳብ ቋንቋ ይህ ልክ «ገደብ» ይባላል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ገበያው ሲወደድ በብዙ ቤት የሚቀጥነው ወጡ ነው፤ እንጀራው እንዳለ ይቀጥላል። ሆድ ይሞላል፤ በማደግ ላይ ያለው ልጅ ግን ይጎዳል። እህል ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን ያንሰዋል። እንጀራና ሽሮ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሽሮው ከቀጠነ ግን ይህ ስምምነት ይፈርሳል።

ስለዚህ የሳምንቱን ዕቅድ ከጥራጥሬው መጀመር ይበጃል እንላለን። ለምሳሌ 5 ሰው ላለበት ቤት ለእያንዳንዱ በቀን 60 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ብንመድብ፣ ለሳምንት 2.1 ኪሎ ይሆናል። ከ100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል፤ ከ100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ገደማ። የሁለቱን የኪሎ ዋጋ ግን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል! (ሥጋ ቫይታሚን ቢ12 እና በቀላሉ የሚዋሃድ ብረት ስላለው ፈጽሞ ይቅር አንልም።) ከጥራጥሬው ቀጥሎ ጎመኑ፣ ከዚያ ዘይቱ፣ በተረፈው እንቁላል ወይም ሥጋ ይታሰባል። በጎመኑና በምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያ መጨመር፣ በቫይታሚን ሲ አማካይነት ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ይረዳል። ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ቡና ወይም ሻይ ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ትንሽ ቢዘገይ ይመረጣል።

በኮምፒዩተር የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥራት የሚችል ተማሪ የሰፈሩን ዋጋ አስገብቶ የስቲግለርን ጥያቄ ለቤተሰቡ ሊፈታው ይችላል። የረቡዕና የዓርብ ጾም፣ የማገዶው ወጪ፣ ሳይበላሽ የሚቆየው ምግብ መጠን ሁሉ በገደብነት ይገባሉ። ውጤቱን ለእናታችሁ አሳዩአቸው፤ የረሳችሁትን ገደብ እርሳቸው ይነግሯችኋል።