ስለ ቬን ሥዕልና በፈተና ላይ ስለሚያስከትለው ስሕተት

በውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመግባት ከሚሰጡት የመመዘኛ ፈተናዎች፥ በተለይም ጂ አር ኢ በሚባለው፥ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ክቦች ተጠላልፈው የሚሣሉበት የጥያቄ ዐይነት ይገኛል። ጥያቄው ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ዕውቀት አይፈልግም፤ ለእነዚህም ቢሆን ፈተናው ራሱ የሒሳብ መሣሪያ ያቀርባል። ይሁን እንጂ ካልኩለስን በሚገባ ያጠና ተማሪ እንኳ ሊሳሳትበት ይችላል። የዚህን ምክንያት ከዚህ ቀጥለን እንመረምራለን።

ሥዕሉ ስሙን ያገኘው በካምብሪጅ ሎጂክ ያስተምር ከነበረው ከእንግሊዛዊው ከጆን ቬን (1834–1923 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፥ እርሱም አሳቡን ያሳተመው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። በክቦች መጠቀምን የጀመረው ግን ቬን አይደለም፤ ኦይለር ከመቶ ዓመት በፊት ሠርቶበታል። ልዩነቱ ኦይለር በእውነት ያለውን ግንኙነት ብቻ ሲሥል፥ ቬን ሊኖር የሚችለውን ክፍል ሁሉ አስቀድሞ ሥሎ ባዶ የሆነውን በኋላ ማጥቆሩ ነው። ለተፈታኝም የሚጠቅመው ይኸው ልማድ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል፥ ዜሮም ቢሆን፥ የራሱ ቍጥር ሊኖረው ይገባልና።

ለምሳሌ ያህል ከ100 ተማሪዎች 60 ኢኮኖሚክስ፥ 45 ታሪክ ይማራሉ፤ 15 ሁለቱንም አይማሩም እንበል። ቢያንስ አንዱን የሚማሩት 85 ናቸው፤ 60 እና 45 ግን 105 ይሆናሉ። ትርፉ 20 ሁለት ጊዜ የተቈጠሩት፥ ማለት ሁለቱንም የሚማሩት ናቸው። እንግዲህ «60 ኢኮኖሚክስ ይማራሉ» ሲባል እነዚህ 20 በውስጡ አሉ፤ ኢኮኖሚክስ ብቻ የሚማሩት 40 ናቸው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ጥቂት የሚያሳስት ይመስለናል። በአማርኛ «ስልሳው ይህን፥ አርባው ያንን» ስንል እንደ ርስት አከፋፍለን መናገራችን ነው፤ የጥያቄው ዐረፍተ ነገር ግን አያከፋፍልም።

ክቦቹ ሦስት ሲሆኑ ነገሩ ይጠነክራል። ከ100 ተማሪዎች 50 ግዕዝ፥ 40 ፈረንሳይኛ፥ 35 ዐረብኛ ያጠናሉ፤ ግዕዝና ፈረንሳይኛ 18፥ ግዕዝና ዐረብኛ 15፥ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ 12፥ ሦስቱንም 7። አንዱንም የማያጠኑት ስንት ናቸው? ሥዕሉን ከመካከል ጀምረን እንሙላ። 7ን በመካከል አስቀምጠን ከ18፥ ከ15 እና ከ12 ብንቀንሰው 11፥ 8 እና 5 እናገኛለን። ከዚያ በኋላ ግዕዝ ብቻ 24፥ ፈረንሳይኛ ብቻ 17፥ ዐረብኛ ብቻ 15 ይሆናል። ድምሩ 87 ስለ ሆነ መልሱ 13 ነው።

የችኰላ ተፈታኝ ግን 18ን፥ 15ን እና 12ን «ሁለት ብቻ» አድርጎ በሥዕሉ ላይ ያኖራል። ያን ጊዜ ብቻቸውን የቀሩት 10፥ 3 እና 1፥ ጠቅላላው 66፥ መልሱም 34 ይሆንበታል። ክፋቱ አንድም ቍጥር ከዜሮ በታች አለመውረዱ ነው፤ ስሕተቱን የሚያስጠነቅቀው ምልክት የለም። ጥያቄው በእርግጥ «በትክክል ሁለት የሚያጠኑ 24 ናቸው» ቢል ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር፤ ሁለት የሚያጠኑት ሁለት ጊዜ፥ ሦስት የሚያጠኑት ሦስት ጊዜ ስለ ተቈጠሩ ከ125 ላይ 24ን አንድ ጊዜ፥ ሦስቱንም የሚያጠኑትን ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው። ቀመር በቃል የሸመደደ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃቸዋል፤ ስለዚህ እኛ ሥዕሉን እንመርጣለን።

ሌላው ወጥመድ የጐደለ ቍጥር ነው። ከ100 ሰዎች 70 ሻይ፥ 60 ቡና ይጠጣሉ ተብሎ ሁለቱንም የማይጠጡት ካልተነገሩ፥ ሁለቱንም የሚጠጡት ከ30 አያንሱም፥ ከ60ም አይበልጡም፤ በዚህ መካከል ግን የትኛውም ሊሆን ይችላል። ጂ አር ኢ ሁለት መጠኖችን በሚያወዳድርበት ክፍል «በተሰጠው መረጃ ሊወሰን አይችልም» የሚል አራተኛ ምርጫ አለው፤ በእንደዚህ ያለው ጊዜ እርሱን ለመምረጥ መድፈር ያስፈልጋል።

አራት ስብስብ ቢመጣ አራት ክብ ለመሣል አይደከም። 16 ክፍሎች ያስፈልጋሉ፥ አራት ክቦች ግን ቢበዛ 14 ብቻ ይሰጣሉ። ቬንም ይህን ስላወቀ በክብ ፈንታ ሞላላ ቅርጽ ሣለ።