የንጉሡ ልጅ
ክፍል 9፦ ቡሬ ተለቀቀች

ባለፈው ሳምንት ራስ ኃይሉን የተለየናቸው ደብረ ማርቆስ፣ ጣሊያን በመለሰላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ።

ወሬው ደብረ ማርቆስ ላይ ዱብ ዕዳ ሆነ። ኮሎኔል ናታሌ በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች በሺህ የሚቆጠር ጦር ነበረው። ከፊቱ የቆመው የእንግሊዙ የዊንጌት ጦር በቁጥር ከእሱ እጅግ ያንሳል። ዊንጌት ግን በሌሊት እያጠቃ፣ ወታደሩ እንዲከዳ በድምፅ ማጉያ እያስለፈፈ የጦሩን ልክ አሳሳተው። ናታሌም ምሽጉን ጥሎ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት በኩል አድርጎ ወደ ደምበጫ ነጎደ።

ለራስ ኃይሉ ነገሩ የቤተ ዘመድ ጣጣም ነበረው። በምዕራብ ጎጃም ጣሊያንን ሲወጉ ከኖሩት አርበኞች መካከል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የወንድማቸው ልጅ ናቸው። የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከጣሊያን ጋር፣ የልጅ ልጃቸው ከአርበኛ ጋር። ክፉ አሳቢ ሰው «ማንም ቢያሸንፍ ቤቱ አይዘጋም ብለው ተማክረው ይሆናል» ይል ይሆናል። እኔ አልልም።

ባላገሩስ? ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም እስከ ቡሬ ያለው ገበሬ ራስ ኃይሉን በደንብ የሚያውቃቸው በግብር ነው። ከ20 ዓመት በላይ ጎጃምን ሲገዙ ጎተራውን አራቁተዋል። በ1916 ከራስ ተፈሪ (ከኋለኛው ጃንሆይ) ጋር አውሮፓን አይተው ሲመለሱ አውቶሞቢልና ንግድ ወደዱ፤ ወጪው ዞሮ ዞሮ ከዚያው ከጎተራው ነው። ሆኖም በ1933 ጣሊያን ሲመልሳቸው ሊቀበላቸው የወጣው ሰው ጥቂት አልነበረም። ጎጃሜ ግብሩን ቢረግምም የተክለ ሃይማኖትን ደም አይጥልም። ጣሊያን የገዛው ይህንኑ ነው፤ ጃንሆይም የሚፈሩት ይህንኑ ነበር።

ደግሞ ራስ ኃይሉና ጃንሆይ የቆየ ሂሳብ አላቸው። በግንቦት 1924 የራስ ኃይሉ አማች ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ «እጅዎ አለበት» ተብለው ተፈረደባቸው፤ ግዛታቸውን ተነጥቀው ታሰሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ስደት ሲነሱም እስረኛውን ይዘዋቸው ሄዱ። ድሬዳዋ ላይ ግን ራስ ኃይሉ ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ ለጣሊያን ገቡ።

አሁን ያ እስረኛ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያ ተሳፋሪ ንጉሥ ደግሞ ጥር 12 ቀን ድንበር ተሻግሮ ቡሬ ደርሷል።

በመጋቢት መጨረሻ ጣሊያኖቹ ደብረ ማርቆስንም ጥለው ወጡ። ኮሎኔል ማራቬንታኖ ወታደሩን፣ ሴቱንና ሕፃኑን አስከትሎ በሸፈርታክ በኩል አባይን ሊሻገር ተጣደፈ። ከተማዋ በራስ ኃይሉ እጅ ቀረች። መሸሽ ይችሉ ነበር፤ አልሸሹም። ንጉሥን ባዶ እጅ መቀበል ለእሳቸው ዓይነቱ ሰው አይሆንም፤ ደብረ ማርቆስን የሚያህል እጅ መንሻ ከያዙ ግን ድርድር አለ።

ችግሩ ማራቬንታኖ ነው። አባይን ሳይሻገር ከተያዘ ስለ ራስ ኃይሉ ብዙ የሚናገረው አለ። በሸፈርታክ አፋፍ ደግሞ መንገዱን የሚዘጋ አንድ ሰው አለ፦ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ፣ ለጣሊያን ያልገባ፣ ለማንም ራስ ያልሰገደ የባላገር ልጅ።

በኋላ እንደተወራው፣ ራስ ኃይሉ ወደ በላይ መልእክት ላኩ። የጣሊያንን ጦር ካሳለፈ ልጃቸውን ሊድሩለት፤ የባላገሩን ልጅ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ሊያዛምዱት።

ጃንሆይ ወደ ደብረ ማርቆስ እየገሰገሱ ነው። የማራቬንታኖ ሰልፍ ቁልቁል ወደ ሸፈርታክ እየወረደ ነው። የበላይ ሰዎች አፈ ሙዛቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ትእዛዝ ይጠብቃሉ፤ መልእክቱም ከበላይ እጅ ገብቷል።

(ይቀጥላል)