ማማውን ትታችሁ የኤክስሬይ ክፍሉን ጠይቁ

መቱም ይሁን ጎሬ፣ በደሌም ይሁን ያዮ፣ የቴሌ ማማ ባለበት ሁሉ «ጨረሩ ሊፈጀን ነው» የሚል አይጠፋም። ወሬው ሰልችቶኛል። የማማው ሞገድ ከአተም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ሰውነትን ለመጉዳት የሚያስፈልገው ጉልበት በሚሊዮን እጥፍ ይጎድለዋል። እርግጥ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» ከሚላቸው ጋር መድቦታል፤ ይህ ግን ማስረጃው ውስን ነው ማለት እንጂ ጉዳቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ኤሌክትሮን የሚነቅለው መሣሪያ ያለው ክሊኒኩ ውስጥ ነው።

ኤክስሬይ የሚፈልቀው እንዲህ ነው። አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ የጋለ ሽቦ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያስፈነጥራቸውና ከተንግስተን ጋር ያላትማቸዋል። ድንገት ሲገቱ ከጉልበታቸው 99 በመቶ ያህሉ ሙቀት ይሆናል፤ የተረፈው ኤክስሬይ ሆኖ ይወጣል። ቮልቱ ሲቋረጥ ጨረሩም ወዲያው ያበቃል፤ ክፍሉ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም። ከፍተኛ ቮልት ካለ ደግሞ ሳሎንም አይቀርለትም። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለቀለም ቴሌቪዥኖች ቮልት በሚቆጣጠረው ቱቦ ሰበብ ከልክ ያለፈ ኤክስሬይ ሲያፈሱ ተገኙ። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አምራቹ ጉድለቱን በራሱ ወጪ እንዲያርም አስገደደ፤ ለሚጥሰውም መቀጮ ደነገገ።

በእኛ አገር የጨረር ቁጥጥሩን አዋጅ ቁጥር 79/1986 ጀመረው፣ 571/2000 ተከተለው፣ ኋላም 1025/2009 ወጣ። የቁጥጥሩ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን እጅ ነው። የጨረር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝና መጠቀም እስከ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ያደርሳል።

ማንም ሳይታመም ባለመሣሪያው ስለምን ይቀጣል? ካንሰር ከዓመታት በኋላ ቢመጣ «ያ ኤክስሬይ ነው ያመጣው» ብሎ ሊመሰክር የሚችል ሐኪም የለም። አነስተኛ ጨረር ምን ያህል እንደሚጎዳ የዘርፉ ሰዎችም ገና ይከራከራሉ፤ አደጋው ከመጠኑ ጋር እኩል ያድጋል የሚለው ስሌት ለጥንቃቄ የተያዘ ነው። ከበደሌ መቱ ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዳውን ሰው ለመቅጣት እግረኛ እስኪገጭ አይጠበቅም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ የሚለካውን ይይዛል፦ ፈቃዱን፣ የግድግዳውን መከለያ፣ የሠራተኛውን የጨረር መለኪያ (ዶዚሜትር)። ዓለም አቀፉ የጨረር መጠን ወሰን ለሠራተኛ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሕዝብ 1 ነው። ለታካሚ እንዲህ ያለ ወሰን የለም፤ ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ ኤክስሬዩን ፈርታችሁ አትቅሩ።

ነገር ግን ከመነሳታችሁ በፊት ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ጠይቁ። በሩ ሳይዘጋ አትነሱ። እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠረጥር ሴት አስቀድማ ትናገር። ልጁን ደግፎ የሚይዝ ወላጅም የሊድ ሽርጥ ይጠይቅ።