ከቪዲዮ ቤት እስከ ልጆች መጫወቻ፦ የቢቸናና የሞጣ ቤተሰብ በአቅሙ የት ይዝናናል?

የበዓል ሰሞን ነው። አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ምሳ እንደተበላ «እንውጣ» ይላሉ። አባት ኪሱን ያሰላል፤ እናት ሳይመሽ መመለስ እንዳለባቸው ታስባለች። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ለሚኖር ቤተሰብ ምርጫው ብዙ ነው። እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጭማቂ ቤት መቀመጥ፣ ዘመድ መጠየቅ ወይም ቤት ተመልሶ ቴሌቪዥን መክፈት ነው።

ይህ ማለት በእነዚህ ከተሞች የመዝናኛ ንግድ ተሞክሮ አያውቅም ማለት አይደለም። እንዲያውም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ብዙ ዓይነት መዝናኛ ቤት ተከፍቷል፤ ብዙውም ተዘግቷል ወይም ወደ ሌላ ሥራ ተለውጧል። ለምን ይለዋወጣሉ? ለውጡስ ለቤተሰብ ምን አተረፈ?

ክፍያ የማይጠይቀው ጨዋታ

በአካባቢው መዝናኛ ለረጅም ዘመን የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ልጆች በቡሄ ይጨፍራሉ፤ ጎልማሶች በገና ሰሞን ሜዳ ወጥተው ይጋጠማሉ፤ እረኛው ዋሽንቱን ይነፋል፤ ማታ በምድጃ ዙሪያ ተረትና እንቆቅልሽ ይቀጥላል። ለገበጣም ቢሆን መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር መልቀም ይበቃል። በጨዋታው ኑሮውን የሚመራው በዋናነት አዝማሪው ነበር፤ እርሱም ቢሆን የመግቢያ ዋጋ አይተምንም፤ የሚሸለመው እንደ ሰጪው ልግስና ነው።

የእነዚህ ጨዋታዎች ትልቁ ጥቅም ዋጋቸው ብቻ አልነበረም። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቦታ የሚገኙባቸው መሆናቸውም ጭምር ነው። ኋላ የመጡት የንግድ ቤቶች ለመተካት የተቸገሩት ይህንኑ ነው።

የቪዲዮ ቤት ዘመን

ሲኒማ ኢትዮጵያ የገባው ቀደም ብሎ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ይታወሳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሰኘው የአማርኛ ፊልምም የተሠራው በዚያው ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ሲኒማ ቤት የዋና ከተማና የጥቂት ትልልቅ ከተሞች ሀብት ሆኖ ቆየ። በወረዳ ከተማ ሲኒማ ቤት ለመገንባት የሚወጣው ገንዘብ ከሚገኘው ተመልካች ጋር አይመጣጠንም ነበር።

ክፍተቱን የሞላው ቪዲዮ ቤት ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ብርሃን የሚከልል መጋረጃ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች፣ በር ላይ የዕለቱን ፊልም የሚያስተዋውቅ ጥቁር ሰሌዳ። አንድ አባወራ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ዕቃ ብዙ ሰዎች በሳንቲም ተካፍለው ይጠቀሙበት ነበር ማለት ይቻላል። የንግዱ ምስጢር ፊልሙ ሳይሆን የመሣሪያው ውድነት ነበር። ማጫወቻው በየቤቱ እስካልገባ ድረስ ቪዲዮ ቤቱ ደንበኛ አያጣም።

ዋነኛ ደንበኞቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተውና ስንቅ ቋጥረው የሚማሩ ተማሪዎች፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችና የገበያ ቀን ዕቃቸውን ሸጠው ጥቂት ሳንቲም የተረፋቸው ሰዎች ነበሩ። ከጨለማና ከታፈነ ክፍል የተነሣ እናቶችና ሴት ልጆች እምብዛም አይገቡም። ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈቱትም ከጆተኒ፣ ከፑልና ከከረምቡላ ቤቶች ጋር «አዋኪ» ተብለው ተማሪን ከክፍል ያስቀራሉ በሚል ሲወቀሱ ኖረዋል። ወቀሳው ሁልጊዜ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን ቤቶቹ ሲዘጉ ለወጣቱ ምን ይተካ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ቀርቷል።

ማያው ወደ ቤትና ወደ ኪስ ሲገባ

ቪዲዮ ቤቱን ያዳከመው የዕቃው መርከስ ነው። በመጀመሪያ የሲዲ ማጫወቻ መጣ፤ ቀጥሎ የሳተላይት ሳህን በየጣሪያው ተተከለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ፣ ቀድሞ ቪዲዮ ቤት ያልገቡት እናቶች በየሳሎናቸው ተመልካች ሆኑ። ቀጥሎም ተንቀሳቃሽ ስልክ ተስፋፋ፤ ሙዚቃና ፊልም በሚሞሪ ካርድ የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች ሥራ አገኙ። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ደግሞ የእነርሱም ገበያ ቀዘቀዘ።

ከጋራ ማያ ንግድ ጸንቶ የቆየው የእግር ኳስ ማሳያ ቤት ነው። ምክንያቱም ያው የቀድሞው ነው፤ የውጭ ሊግ ጨዋታዎችን የሚያስተላልፈው ዲኤስቲቪ ወርሃዊ ክፍያው ለአንድ ቤተሰብ ከበድ ስለሚል በጋራ ማየት ያዋጣል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በዚሁ መስመር መተላለፍ መጀመሩ ተጨማሪ ተመልካች አስገኝቶ ነበር። በተጨማሪም ኳስ ብቻውን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ጎል ሲገባ አብሮ የሚጮህ ሰው ይፈልጋል። ሆኖም ይህም ቤት በአብዛኛው የወንድ ወጣቶች ነው። ቤተሰብ አሁንም ውጭ ቀርቷል።

ገቢው ከአዝመራ ጋር የተያያዘ ነው

በእነዚህ ከተሞች መዝናኛ ንግድ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የገበሬውን የቀን መቁጠሪያ ማወቅ ይኖርበታል። የአካባቢው ጥቁር አፈር ጤፍ የሚበቅልበት ነው። ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ ጥር፣ በገበሬውም በነጋዴውም እጅ ገንዘብ ይገባል፤ ጥር የሠርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉና ዘፈኑ ጋብ ይላል፤ በአንጻሩ ጭማቂና የጾም ምግብ የሚሸጥ ቤት ይጠየቃል። ክረምት ደግሞ ገንዘቡ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የሚወጣበት፣ የተማሪውም ቁጥር ከከተማው የሚቀንስበት ወቅት ነው። በጥር ገቢ ተማምኖ የዓመት ኪራይ የተዋዋለ ነጋዴ በሐምሌ የሚከስረው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህም ከውጭ የሚገቡ ማያዎች፣ የጌም መሣሪያዎችና የልጆች መጫወቻዎች ዋጋ ጨምሯል። በክልሉ ያጋጠመው የሰላም እጦት ደግሞ ሰው አምሽቶ እንዳይቆይ አድርጓል፤ የመዝናኛ ቤት ዋና ገቢ የሚገኘው ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆነው የትኛው ነው?

እስካሁን ካየነው ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ በአንድ መሣሪያ ብቻ የቆመ ንግድ መሣሪያው በየቤቱ ሲገባ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ለወጣት ወንዶች ብቻ የተከፈተ ቤት የከተማውን ሰፊ ደንበኛ፣ ማለትም እናትንና ልጅን፣ ደጅ ያስቀራል።

ስለዚህ የተሻለ ዕድል ያለው በቤት ውስጥ ሊተካ የማይችል ነገር የሚሰጥ ቦታ ነው፤ ጥላ ያለው ግቢ፣ ዥዋዥዌና ሸርተቴ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ልጁ ሲጫወት ወላጅ ቡና የሚጠጣበት ወንበር። ዥዋዥዌና ሸርተቴ በአካባቢው እንጨትና ብረት ሠራተኞች ሊሠሩ ይችላሉ፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም፤ መብራት ሲጠፋም አይቆሙም። ክፍያውን ከመግቢያ ይልቅ ከሻይና ከጭማቂ ማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ከበር እንዳይመለስ ያደርጋል። ይሁንና የልጅ ደኅንነት ግድ ነው፤ ብየዳው የላላ ዥዋዥዌ ከሌለው የከፋ ነው።

ትልቁ እንቅፋት ቦታ ነው። ግቢ የሚያህል መሬት በከተማ መሐል መከራየት ለአነስተኛ ነጋዴ ይከብዳል። እዚህ ላይ የከተማ አስተዳደሮች ድርሻ ይጎላል። ለአረንጓዴ ቦታ የተከለለን መሬት አጥሮ ከማስቀመጥ፣ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች በግልጽ ውል እንዲያለሙት ቢሰጥ፣ ለወጣቱ ሥራ፣ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። ውሉ የመግቢያ ዋጋውን ጣሪያ ቢወስንም ቦታው የድሃውንም ልጅ ያስተናግዳል።

ቪዲዮ ቤቱ ቢዘጋም አንድ ነገር አስተምሮ አልፏል፤ ሕዝቡ ዋጋው ከአቅሙ ጋር ከተመጣጠነ ለመዝናኛ ይከፍላል። በሚመጣው በዓል ልጆች «እንውጣ» ሲሉ አባትና እናት የሚመልሱት እንዲኖራቸው፣ ቀጣዩ ቤት በሩን ለእነርሱም ከፍቶ መነሣት አለበት።