ስለ ተለዋጭ በረኛ

በእግር ኳስ ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች መካከል እምብዛም የማይለወጠው በረኛው ነው። አጥቂ ሲደክም ይወጣል፤ ተከላካይ ሲያነክስ ይቀየራል፤ በረኛው ግን ካልተጎዳ ወይም በቀይ ካርድ ካልተባረረ በቀር እስከ መጨረሻው ፊሽካ ቦታውን አይለቅም። አሜሪካኖች በሚወዱት በቤዝቦል ነገሩ ሌላ ነው፤ የኳስ ወርዋሪው ክንድ ሲዝል ሰውነቱን ያሟሟቀ ሌላ ወርዋሪ ይተካዋል፤ ይህም የዘወትር ልማዳቸው ነው። የእኛ ሁለተኛ በረኛ ግን መለያውን ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይከርማል። ስሙን የሚያውቀው ተመልካች ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ የሚፈለግበት ቀን አለ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰበት በ2005 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን በኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። ሕጉ ያለ በረኛ መጫወትን ስለማይፈቅድ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው አንድ የሜዳ ተጫዋች ቀንሰው ዘሪሁን ታደለን አስገቡ። ዛምቢያ አንድ ብታገባም የሐዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ አቻ አደረገና አሥር ሰዎች 1 ለ 1 ወጡ።

ከስምንት ቀን በኋላ በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር የሆነው ግን ያሳዝናል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ በረኛው ሲሳይ ባንጫም ተባረረ። በዚያን ጊዜ የሚፈቀደው ለውጥ ሦስት ብቻ ነበር፤ ሦስቱም አልቀዋል። ስለዚህ አማካዩ አዲስ ሕንጻ የበረኛ መለያ ለብሶ ከቪክተር ሞሰስ ፊት ቆመ። ኳሷ ገባች፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። አሠልጣኙ አንዱን ለውጥ ለምን አላስቀሩም? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኔ አልወቅሳቸውም፤ ለማለፍ ማሸነፍ የግድ ነበርና ጎል የሚፈልግ ሰው ለውጡን ቆጥቦ አይቀመጥም።

ቆጥቦ የተጠቀመም አለ። ሰኔ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሆላንድና ኮስታ ሪካ 120 ደቂቃ ያለ ጎል ተጫውተው ወደ መለያ ምት ሊሄዱ ሲሉ፣ አሠልጣኙ ሉዊስ ቫን ኻል ደኅናውን በረኛ ሲለሰንን አስወጥተው ቲም ክሩልን አስገቡ። ሰዉ ተደነቀ። ክሩል በአምስቱም ምቶች ኳሷ ወደሄደችበት ወገን ዘሎ ሁለቱን አዳነ፤ ሆላንድ አለፈች። የሚገርመው ግን ከአራት ቀን በኋላ ከአርጀንቲና ጋር እንደገና መለያ ምት ሲመጣ ለውጦቹ አልቀው ነበር፤ ሲለሰን አንድም ሳያድን ሆላንድ ወደቀች።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ አምስት ለውጥ በቋሚነት ስለተፈቀደ አንዱን ለበረኛ ማስቀረት ቀላል ሆኗል። በእኛ የክፍል ግጥሚያ ግን ሁለተኛ በረኛ ያዘጋጀ ክፍል እስካሁን አላየሁም፤ በረኛው ከተጎዳ ከመካከላችን ረጅሙ ይቆማል።